ውሃው ያልመጣበት የሠርግ ዋዜማ

ወንዛችን ከመንጌ በላይ ካሉት ኮረብቶች ይወርዳል። ከሰፈራችን ግርጌ ሲደርስ በሁለት ትላልቅ ድንጋዮች መካከል ይጠብና ከዚያ ወዲያ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ዝናቡ ባበቃ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ግንድና ድንጋይ ይደረድርበታል፣ ክፍተቱን በጭቃ ይመርገዋል። ውሃው ተጠራቅሞ እስከ በጋው ማብቂያ ድረስ መዋኛችን ይሆናል። ከንጋት እስከ ቀትር የሴቶችና የሕፃናት ነበር፤ ከቀትር በኋላ የወንዶች። የወንዶቹን ሰዓት የሚጠብቁት የመስጊዳችን ሼህ ነበሩ። የሴቶቹን ሰዓት የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ፈልጌ የያዝኩት ሥራ አልነበረም። የደጋው ጦር መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ከተበተንበት ዱር ወደየቤታችን በገባንበት ዓመት፣ አንዲት ልጅ እዚያ ውሃ ውስጥ ሰጠመች። ሁሉም የተቃጠለ ጎጆውን ሲሠራ፣ የጠፋ ዘመዱን ሲያፈላልግ፣ ልጆቹን የሚያይ ሰው አልነበረም። ጩኸት ሰምቼ ከማሽላዬ መሐል ሮጥኩ፣ ጠልቄ አወጣኋት። ግን ነፍሷ ወጥታ ነበር። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ወንዙ አልወረደችም። ውሃ የሚቀዱላት ጎረቤቶች ነበሩ።

ሐዘኑ ሲያልቅ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። «ጠልቀሽ የምታወጪ አንቺ ነሽ፤ ቤትሽም ለወንዙ ቅርብ ነው» አሉኝ። ባሌ ከመተከል ደጋ መጥቶ እኔን ሲያገባ የሰለመ የጨው ነጋዴ ነው፤ አማርኛንም የተማርኩት ከእሱ ነው። ያን ጊዜ ጨው ጭኖ ወደ ኩርሙክ ገበያ ሄዶ ስለነበር የማማክረው ሰው አጣሁ። እሺ አልኩ። በምላሹ ሰፈሩ ማሽላዬን ሊያርምልኝ ተስማማ። አንዳንዴ ያርሙልኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ይረሱት ነበር።

ሥራው ከባድ አይደለም ይሉኛል። በእርግጥም ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይገባ በቀርከሃ ዘንግ ጥልቀቱን እለካለሁ። ሌሊት ውሃው ያመጣውን እሾህና ጭራሮ አወጣለሁ። የሚያዳልጠውን ድንጋይ በአሸዋ እፈትገዋለሁ። ዋና ያልለመዱ ልጆች ወገባቸው ላይ ደረቅ ቅል ያስራሉ፤ የቅሉን ገመድ አንድ በአንድ እየሳብኩ እፈትሻለሁ። ከዚያ በኋላ መናገር ነው። ከድንጋዩ ላይ አትዝለሉ። በእንዶድ ከግድቡ በታች እጠቡ፣ ዓይን ያቃጥላል። አህያ በታች በኩል ይጠጣ። ወርቅ አጣቢዎች፣ ከላይ በኩል አታደፍርሱብን። ይህንኑ ትናንት ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ። አንዳንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ገንፎ ሳገነፋ «አትዝለዪ!» ብዬ ብቻዬን ስጮኽ ባሌ ይስቅ ነበር። እኔ ግን መሳቅ እንኳ ይደክመኝ ነበር። ውሃን ቀኑን ሙሉ ማየት ዓይን ያደርቃል። ማታ ዓይኔን ስጨፍን የልጆች ጭንቅላት ሲወጣና ሲገባ ይታየኛል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በበጋው ማብቂያ ላይ ነው። የሰጠመችው ልጅ እናት የሞተ ወንድሟን ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድጋለች። ያቺ ልጅ ልታገባ ነበር። በሰፈራችን ልማድ ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ ከጓደኞቿ ጋር ወንዝ ወርዳ ትታጠባለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሂና የምትቀባው።

በዚያ ጠዋት ዘንጌን ይዤ ስወርድ በእኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከላይ ግን፣ ወንዙ ከሚመጣበት ኮረብታ ላይ፣ ጥቁር ደመና ተኝቷል። እግሬን ነከርኩት። ውሃው ከትናንቱ ቀዝቅዟል። በዳር በዳሩ ቅጠልና ነጭ አረፋ ይዞ ይመጣል፤ የአዲስ አፈር ሽታም አለው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእንዲህ ያለ ቀን፣ ፀሐይ እያበራች፣ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ውሃ ስትጠጣ የነበረች አህያ ከነጭነቷ ሲወስድ አይቻለሁ። ስለዚህ ሕፃናቱን መለስኩ፤ ዝግ መሆኑ እንዲታወቅም ዘንጉን መውረጃው ላይ አጋደምኩት።

ብዙም ሳይቆይ ከበሮ ሰማሁ። ሙሽራዋ በነጠላ ተሸፍና፣ ጓደኞቿ እየዘፈኑ ወረዱ። ከፊታቸው አክስቷ ነበረች። እሷን በዚያ መንገድ ላይ ሳይ ቀድሜ መውረጃው ላይ ቆምኩ። የተነጋገርነው በእኛው ቋንቋ በበርታ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ነው የማስቀምጠው።

«ዛሬ ዝግ ነው» አልኩ።

ዘፈኑ ቆመ። «ምን ሆኖ?» አለች አክስትየዋ።

«ላይ ዘንቧል። ውሃው ተለውጧል። ደራሽ ሊመጣ ይችላል።»

«ሊመጣ ይችላል ወይስ ይመጣል?»

«አላውቅም።»

ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ ከሞተች ወዲህ እዚህ ወርጄ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስታገል አድሬ ነው የወረድኩት። ለዚህች ልጅ ብዬ። ለራሴ ልጅ ያላየሁትን ለእሷ ልይላት ብዬ። ነገ ድጋሚ የምወርድበት አቅም የለኝም። አሳልፊን።»

«አልችልም።»

«ቶሎ ገብታ ትወጣለች።»

«አልችልም፣ እህቴ።»

ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የእኔ ልጅ ስትሰጥም ይህ ዘንግ የት ነበር?»

ያኔ ጠባቂ አልነበርኩም ብል እውነት ነበር። ግን እንዲህ ያለ እውነት ለእናት አይነገርም። መሬት መሬት አየሁ።

ከልጃገረዶቹ አንዷ ሮጣ ሼሁን ጠርታ መጣች። እሳቸውም ከላይ ሆነው ነገሩን ሰሙ፤ ሰማዩን አዩ፤ ፂማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ ልማዳቸውን ያድርሱ። አላህ ይጠብቃቸዋል። እኔም አብሬሽ እቆማለሁ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ደራሹ ከመጣ ቆመው ምን ያደርጉለታል?»

«ካልመጣስ?»

እዚያው መንገዱ መሐል ቁጭ አልኩ። በኋላ ሰዎች ስለ ድፍረቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ድፍረት አልነበረም። መቆም ስላቃተኝ ነው። እኔን ረግጠው ካላለፉ በቀር ግን መንገዱ ተዘጋ።

ነገሩን የፈታችው ሙሽራዋ ናት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «አክስቴ፣ ቤት እንመለስ። ውሃውን ቀድተን እንውሰድ። እሱም የወንዙ ውሃ ነው» አለች። ልጃገረዶቹ ቅልና እንስራ አምጥተው ከዳር ቀዱ። እኔም ተነስቼ እየሞላሁ አቀበልኳቸው። አክስትየዋ ከእኔ እጅ አልተቀበለችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽቅብ ወጣች፤ ከበሮውም ሳይመታ ሄዱ።

ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ውሃው ትንሽ ከፍ አለ፤ የምንቀመጥበትን ዝቅተኛ ድንጋይ አረጠበ። ከዚያ ተመልሶ ወረደ። ፀሐይ በረታች፤ ደመናው ተበተነ። ከቀትር በኋላ ወንዶቹ መጡ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በመዳፉ እየዘገነ «ይህ ነው እንዴ ደራሹ?» አለ፤ ሳቁ። ደራሹ አልመጣም። ሌላ ሸለቆ ይዞት ሄደ ይሁን፣ መሬቱ ጠጥቶት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታ ባሌ የባሚያ ወጥ ቀርቦለት ሲበላ «ቢመጣ ኖሮ እግርሽን ይስሙሽ ነበር» አለኝ።

«ወንዙ ዳር ተቀምጬ ምን ስመኝ እንደዋልኩ ታውቃለህ?» አልኩት። «እንዲመጣ። ግድቡን ይዞት እንዲሄድ። እንዲያዩት።»

መብላቱን አቆመ። «ደክሞሻል» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ጥፋትን የሚመኝ ጠባቂ ደግሞ ለማንም አይበጅም ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ሠርጉ እየተበላ ሳለ ሼሁን ፈልጌ «ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ስጡልኝ» አልኳቸው።

«ለማን?»

«እንጃ።»

ለማንም አልሰጡትም። እኔ ግን አልወረድኩም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኛሁ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም፤ ፀሐይ ጎጆዬ ውስጥ ገብታ ትቀሰቅሰኝ ነበር። ጆሮዬ ግን አልተኛም። ከወንዙ በኩል ጩኸት በሰማሁ ቁጥር የደስታ ይሁን የጭንቀት ለመለየት ከእጄ ያለውን ነገር አስቀምጬ እቆማለሁ። ሰው የሚነግረኝም ደስ አይልም ነበር። በእንዶድ ከላይ ያጥባሉ አሉ። አንዷ ከድንጋዩ ዘላ ግንባሯን ተፈነከተች አሉ። ማንም ሳይሞት ዝናቡ ደረሰ፤ ወንዙ ሞልቶ ግድቡን አፈረሰው፤ መዋኛውም በራሱ ጊዜ ተዘጋ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ግድቡን ሊሠራ ወጣ። እኔም ጭቃ አቀበልኩ፤ ያ የሁሉም ሥራ ነው። ባለቀ ዕለት ማታ አንዲት ሴት ደጄ ላይ ቆማ አየሁ። አክስትየዋ ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም እንኳ አልተባባልንም።

«ግቢ» አልኳት።

አልገባችም። «ግድቡ አልቋል። ማን ነው የሚጠብቀው?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠች። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ዋና አላውቅም። ግን ዓይን አለኝ፤ ድምፅም አለኝ። እኔ ዳር ልቁም። አንቺ ማሽላሽን እረሚ። ከጠራሁሽ ትመጫለሽ።»

«ውሃው ዳር መዋል ትችያለሽ?»

«ሞክሬ ልይ።»

በማግሥቱ አብሬያት ወረድኩ። ዘንጉን በሁለት እጇ ያዘችው። ውሃው ውስጥ ስትጨምረው ፊቷን አዞረች። ግን ለካች። ቅሉን እንዴት እንደሚያስሩት፣ ገመዱ የቱ ጋ እንደሚላላ አሳየኋት። ከዚያ ወደ እርሻዬ ሄድኩ፤ ልቤ ግን እዚያው ቀረ።

ከእኔ የበለጠች ጠባቂ ሆነች ልበል? እንደዚያም አይደለም። ከመጠን በላይ ትፈራ ነበር። ቁራጭ ደመና ካየች ትዘጋዋለች። እኔ ራሴ «ኧረ ዛሬ ምንም የለም፣ ልጆቹን አስገቢያቸው» ብዬ ተከራክሬያት አውቃለሁ። «አይሆንም» ብላ ዘንጓን ታጋድማለች። እሷን ግን የሚከራከር ሌላ ሰው አልነበረም። እኔን ሲያሾፉብኝ የነበሩት ሴቶች እሷ አንድ ጊዜ ስትናገር ይመለሳሉ። ይህ አንዳንዴ ያበሳጨኝ ነበር፤ ያንኑ ቃል ነበርና ስናገር የኖርኩት።

በዚያ በጋ የጠራችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ስሜን እየጠራች ስትጮኽ ማረሚያውን ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ የቅሏ ገመድ ከግድቡ ግንድ ጋር ተጠላልፎ ውሃው ፊቷ ላይ ይመላለስባታል። አክስትየዋ ዋና ሳታውቅ እስከ አንገቷ ገብታለች። አንድ እጇ ግንዱን፣ ሌላው የልጅቷን አገጭ ይዞ ከውሃው በላይ አንስቶታል። ገብቼ ገመዱን ፈታሁ። ልጅቷን አሳላት፣ አስመለሳት፣ ከዚያ አምርራ አለቀሰች። ለቅሶዋን ስሰማ እኔም አሸዋው ላይ ተዘረርኩ።

አክስትየዋ ከነልብሷ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጸጉሯን ታደርቃለች፤ ደርቆ እንኳ አልተወችም፣ ደጋግማ ታደርቃለች።

ጥቂት ቆይታ «ሂጂ፣ ማሽላሽ ጋ ሂጂ» አለችኝ። «እኔ እዚህ አለሁ።»

ተነሳሁ። ልብሴ ከብዶኝ፣ ዳገቱን ቀስ እያልኩ ወጣሁ።