ባትሪዬን ለእናቴ አደራ ሰጥቼ

ሳዑዲ ምን ይሠራ ነበር ብለው ሲጠይቋት እናቴ «ባትሪ ላይ ነበር» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ አሸዋ ላይ የሚከራዩ ባለ አራት እግር ሞተሮችን ማጠብ ነበር። ከባትሪ ጋር የተዋወቅሁት አለቃዬ ሲፈታና ሲያስር አጠገቡ ቆሜ መፍቻ በማቀበል ነው። ወደ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ስመለስ ግን የባትሪ ሊቅ ሆኜ ተመለስኩ።

ለውጥ መጣ የተባለበት፣ ሁሉም ሰው ነገ የሚያልፍለት የሚመስለው ጊዜ ነበር። እኔም ያጠራቀምኩትን አፍስሼ አንድ ያገለገለ ባለ አራት እግር ሞተር ገዛሁ። ሐሳቤ ሐይቁ ዳር ቱሪስትና ፎቶ ሊነሡ የሚመጡ ሙሽሮችን ማንሸራሸር ነበር። ቱሪስቱ እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ግን መጡ።

የመጀመሪያው ሙሽራ ከአምባሰል ነበር። ሙሽሪትን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሚዜዎቹ ዙሪያውን እየጨፈሩ፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩ፤ ጠቅ። በግፊ የሚነሳ ዓይነት አይደለም። ይህንን አስረድቼ ሳልጨርስ ሚዜዎቹ ገፍተው ገፍተው ውሃው ውስጥ ሊከቱን ምንም አልቀራቸውም። ቪዲዮ አንሺው አንዱንም አላስቀረ። አምባሰል ውስጥ ሰው ሲከፋው ያንን ቪዲዮ ያያል ይሉኛል።

ከዚያ ወዲያ ባትሪውን እንደ አራስ ልጅ ያዝኩት። ማታ ማታ ፈትቼ ቤት አስገባዋለሁ። ጫፎቹ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ሲያወጣ በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ሥራ ጠፍቶ ሲቀመጥ በየጊዜው ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ከደሴ የተጣራ የባትሪ ውሃ አስመጥቼ እሞላለሁ። ይህን ሁሉ በሆዴ ብይዘው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ባጃጅ ነጂዎችን እያስቆምኩ አስተምር ጀመር። «ባትሪን የሚገድለው ሥራ አይደለም፣ ችላ መባል ነው» እላለሁ፣ ጣቴን ቀስሬ። ውለው አድረው ነጂዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። የማትሸሸኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ ቤቷን ጥላ የት ትሄዳለች?

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ወጣት የተባለ ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ወጣ። እናቴ አልሄድም አለች።

«እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል? ቤት ጠባቂ ይፈልጋል» አለችኝ።

እኔ ስፈራ ስለ ባትሪ የማውራት አመል አለብኝ። እጇን ይዤ አይዞሽ ማለት ሲገባኝ፣ ባትሪውን ፈትቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩና ማስተማር ጀመርኩ።

«እማ፣ ብርድ ቦታ እንዳታስቀምጭው። እንዳታጋድሚው። ይሄ መስመር ይታይሻል? ውሃው ከዚህ ዝቅ ካለ ትጨምሪለታለሽ። የቧንቧ እንዳይሆን፣ የሐይቁም እንዳይሆን። ንጹሕ፣ ምንም ያልገባበት ውሃ ብቻ።»

«አማናህን ተቀብያለሁ» አለች። «አብሽር፣ ሂድ።»

የባትሪ ውሃ ጨርሼ እንደነበር ትዝ ያለኝ ደሴን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ኮምቦልቻም አላስቀመጠንም፤ እስከ ደብረ ብርሃን ሸሸን። የሐይቅ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር የማንንም ድምፅ አልሰማሁም። ከእኔ ጋር የተፈናቀሉት ምን ትተህ መጣህ ሲሉኝ «ባትሪ» እላለሁ። ይስቁብኛል፣ አብሬ እስቃለሁ። እናቴን ብል ቃሉን እንደማልጨርሰው አውቅ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስኩ። እናቴ ከስታለች፣ ግን አለች። ሞተሩም አለ። ታጣቂዎች ሊወስዱት ገፍተው ገፍተው ሲያቅታቸው ባሕር ዛፎቹ ሥር ጥለውት ሄደዋል። ባትሪውን ፈትቼ ባልተወው ኖሮ አይተርፍም ነበር፤ ይህንንም ሰላምታችንን ሳንጨርስ ደጋግሜ አስረዳኋት።

አስጨርሳኝ ከጓዳ ባትሪውን በጋቢዋ እንደተጠቀለለ አወጣችው። ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ነው።

«ምን ውሃ ጨመርሽበት?»

«ያልከኝን ነዋ። ንጹሑን።»

ከሳጥኗ አንድ ትንሽ ባዶ ጀሪካን አውጥታ አሳየችኝ። ከሳዑዲ ስመለስ ያመጣሁላት የተባረከው የዘምዘም ውሃ ነበር። ለታመመ ጎረቤት በሲኒ ታካፍላለች እንጂ ለራሷ አትጠጣውም። የተረፈውን፣ ነፍሷ ስትወጣ ከንፈሯን እንዲያረጥቡላት፣ ከከፈኗ ጋር ቆልፋ ታስቀምጠው ነበር። በዓለም ላይ ከዚያ የጠራ ውሃ አታውቅም፤ እኔም ንጹሕ ስላት ምን ማለቴ እንደሆነ አላብራራሁም። ዘምዘም ማዕድን አለበት፤ ማዕድን ደግሞ ባትሪን ይጎዳል።

መብራት የመጣ ቀን ቻርጀሩ ላይ ሰካሁት። እናቴ በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልያዘም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሲገዛም ያረጀ ባትሪ ነበር፤ በደንብ ተይዞም ቢሆን ከዚያ ብዙ አያልፍም። ይህ ይበቃኛል ብዬ ለውሸት ተዘጋጀሁ።

«እማ፣ ዕድሜው አልቆ ነው። ውሃሽ ምንም አላደረገውም።»

አየችኝ። ስዋሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቅብኛለች።

«ያድርገው አያድርገው፣ እኔ አጠጥቼዋለሁ» አለች። «አንተ የት ወድቀህ እንደሆን አላውቅ። ስንቱ የሰው ልጅ አንድ ጉንጭ ውሃ የሚያቀምሰው አጥቶ በየዱሩ ቀረ ይላሉ። ታዲያ ለማን ላስቀምጠው? ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ቢስሚላሂ ብዬ፣ ያንተን ስም ጠርቼ ነው የጨመርኩበት።»

ያ ሁሉ የባትሪ ዕውቀቴ የት እንደገባ እንጃ። ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷም ጀርባዬን እየደባበሰች፣ «አብሽር የኔ ጌታ፣ ባትሪ ይገዛል» ትለኝ ነበር።