ለአንድ ሰው መዝፈን

የቀበሌው የኪነት ቡድን የሚለማመደው ልደታ፣ ለስብሰባ በተሠራ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስለ ቡድኑ እንድዘግብ ከምሠራበት ጋዜጣ ተልኬ እመላለስ ነበር።

ከሁሉም ድምፁ የሚያምረው ክራር የሚጫወተው ወጣት ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ዓይኑን ከክራሩ አያነሳም። የቀበሌው ሊቀመንበር ይህን አልወደደለትም።

«የሚደብቀው ባይኖር ቀና ይል ነበር» ይላል። በመጪው የአብዮት በዓል ቀንም ካቀረቀረ ከቡድኑ እንደሚያስወጣው ነግሮታል። ከቡድኑ የወጣ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና እንደሚመለመል ሁላችንም እናውቃለን።

አሠልጣኙ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። «ሕዝቡን በሙሉ አትይ። አንድ ሰው ምረጥና ለሱ ብቻ ዝፈን» አሉት።

በሌላ ዘመን ቢሆን ደህና ምክር ነበር። ነዋሪው ለስብሰባ በተጠራበት እሑድ ሞከረው። አንዲት ሴት መርጦ አያት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወደ አንድ ባለካፖርት ዞረ፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ወጣቱ ድምፁ ተሰብሮ ወደ ክራሩ ተመለሰ።

«ማንን ነው የሚያየው? ምልክት ነው እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ ጮክ ብሎ።

«ኧረ ጓድ፣ የመድረክ ትምህርት ነው!» አሉ አሠልጣኙ።

ሽማግሌው በኋላ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «አንተ ሰው ሲያይህ አትደነግጥም። በበዓሉ ቀን መሐል ላይ ተቀመጥልኝ። እስኪጨርስ ቀና በል፣ ሌላ አልፈልግም።»

እንዳሉት መሐል ተቀመጥኩ። ወጣቱ ፈልጎ አገኘኝና ዓይኑን ሳይነቅል ዘፈነ። ድምፁ እንደዚያ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አጠገቤ የነበሩት ቀስ በቀስ ሸሹ፤ ሲጨርስ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። በዘገባዬ «ታዳሚው በሙሉ አጨበጨበ» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነው፣ ሊቀመንበሩን ተከትሎ ያላጨበጨበ አልነበረም። ወጣቱም ከቡድኑ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሻይ ቤት ስገባ፣ ጆሮ ጠቢ የገባ ይመስል ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ከወንበራቸው የሚነሱልኝ ሰዎች ግን በዙ።

አንድ ቀን ወደ አብነት ስወርድ ወጣቱ መንገድ ላይ እጅ ነስቶ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያ ሁሉ ሰው ሲያቀረቅር እርስዎ ለምን አላቀረቀሩም?»

«አሠልጣኝህ ለምነውኝ ነዋ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

አላመነኝም። ግን አላቀረቀረም፤ እንደተማረው ዓይኔን እያየ፣ ፈገግ ብሎ፣ እስካልፍ ድረስ ቆመ።