የአኮርዲዮኑ ወንበር

የጃዝ ሙዚቀኞች በደርግ ዘመን ብቸኞቹ ነጻ ሰዎች ነበሩ ይባላል። አልነበሩም። ቢቸና አስተማሪ ሳለሁ በቅርብ አይቻቸዋለሁ፤ ከቀበሌ ሊቀመንበር የባሱ በር ዘጊዎች ነበሩ።

አራት ናቸው። ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች ሲዘጋባቸው ዓባይን ተሻግረው መጡና በአውራጃው የኪነት ቡድን ደመወዝተኛ ሆኑ። ጠዋት ለሰልፍ ማርሽ ይጫወታሉ፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ከውስጥ ቆልፈው «የራሳችን» የሚሉትን ጃዝ። በዚያ ሁሉ ጭቃ ነጭ ጫማ፣ በዚያ ጨለማ አዳራሽ ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ። አዝማሪ ሲያልፍ ይጠቃቀሱበታል። የቢቸና ሰው ሲያጨበጭብላቸው ደግሞ ሳይገባው ያጨበጨበ ይመስላቸውና ይከፋቸዋል። የሚያጨበጭበው ስለጨረሱ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ከሁሉም የሚብሰው የወንበር ሕጋቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢሄድ፣ ራሱ መጥቶ «ለእገሌ ለቅቄያለሁ» እስኪል ድረስ ቦታው ላይ ማንም አይቀመጥም። አምስተኛው ጓደኛቸው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ሚስት አግብቶ የእህል ንግድ ይዟል። ወንበሩ ግን ጨርቅ ለብሶ መሐላቸው ይቀመጣል።

ታላቅ ወንድሜ ሞጣ ልብስ ሰፊ ነበር። አኮርዲዮንም ይጫወታል፤ ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሞጣ ሲደርስ ስሙ ተያዘ። የኪነት አባል ግን አይነካም። የአውራጃው የባህል ኃላፊ «ባንዱ ከተቀበለው እኔ አስቀረዋለሁ» ስላለኝ ላክሁበት። አኮርዲዮኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና በግንደወይን በኩል መጣ።

የባንዱ አለቃ፣ ሳክስፎን የሚነፋው ሽማግሌ፣ ቆሞ እንዲጫወት አደረገው።

«በል፣ ትዝታ ነው» አለው።

ጀመሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ ምንም ሳይናገሩ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ዞሩ። ልማዳቸው ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ እንዲህ አድርገው ያደናቅፉታል። ወንድሜ ጣቶቹን አነሣ፣ ጥቂት ሰማ፣ ገባበት። እስከ መጨረሻው አብሯቸው ዘለቀ። አለፈልን አልኩ።

«ጆሮ አለው» አለ ሽማግሌው። «ግን ተከተለን።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለ ወንድሜ።

«ጃዝ የሚጫወት ሰው አይከተልም።»

ድራም መቺው ሳቀ። «ብትስት ይሻልህ ነበር አባዬ። እናስተምርህ ነበር። አሁን ምን እናስተምርህ፣ ቁልፍ መትከል?»

«ጋሼ፣ ካልተቀበላችሁት ይዘምታል» አልኩ። «ቦታው እንደሆነ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም። የወንድማችን ነው።»

«ወንድማችሁ ጤፍ እየሸጠ ነው!»

«ይሽጣ! ሲመለስስ የት እናስቀምጠው?»

ይህን ሲል አልቀለደም። የእኔን ወንድም ግንባር መሄድ ከአንድ ጤፍ ነጋዴ ቅሬታ ጋር መዝኖ፣ ነጋዴው ከበደበት። ሌሎቹ ሦስቱ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጻ ሰዎች!

ምልምሎቹ ሲሸኙ ባንዱ ሞጣ ድረስ መጣ። ወንበሩንም በመኪና ጭነው አምጥተውት ነበር፤ መድረኩ ላይ አወጡት፣ ጨርቁን አስተካከሉለት። ካድሬው እጁን ሲያነሣ ይጀምራሉ፣ ሲያወርድ ያቆማሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልቀደሙትም፣ አልዘገዩበትም። ጃዝ የሚጫወት አይከተልም ያሉን እነዚሁ ናቸው። እናቶች እያለቀሱ እነሱ የደስታ ዜማ ይመቱ ነበር። ወንድሜ መኪናው ላይ ሆኖ አዳመጣቸውና ጎንበስ ብሎ «ጥሩ ይጫወታሉ» አለኝ። ቂም የሚባል አያውቅም። የእሱን ድርሻ ጨምሬ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። እናታችን ሐዘን ሳትቀመጥ ሞተች።

ዛሬ ድራም መቺው በሬዲዮ እየቀረበ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ጃዝ መጠለያችን ነበር ይላል። እውነቱን ነው፤ ለአራት ሰዎችና ለአንድ ወንበር።

አንባቢ፣ እነዚህን ሰዎች እንዳከብር አትምከረኝ። አኮርዲዮን የሚችል የሞጣ ልብስ ሰፊ በሰሜን ግንባር አጋጥሞህ ከሆነ ግን፣ የት እንደቀረ ንገረኝ።