በመቅድም የሚነገር መርዶ

የአንድን ድርሰት ትርጉም በደራሲው ሕይወትና በዘመኑ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪዎቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቁጣዬ በዘዴው ላይ እንዳይመስል ነው። ቁጣዬ ዘዴውን ይዘው ያልተጠሩበት ቤት በሚገቡ ሰዎች ላይ ነው። ከእነሱም አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኞቻችን መምህራን፣ የአካባቢውን ጸሐፊዎች አጫጭር ልቦለዶች በአንድ መድበል ልናሳትም ተነሥተን ነበር። ከቀረቡልን ሁሉ የላቀው ቴፒ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ በደብተር ተጽፎ የመጣ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በቡና እርሻ በካቦነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የአፍ መፍቻቸው የሸኮ ቋንቋ ሲሆን አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ አማርኛቸው ግን ብዙዎቻችንን ያሳፍራል።

ልቦለዱ ቀላል ነው። አንድ ልጅ የሟች አባቱን ያረጀ ቡና ከመሬት ጉልበት ያህል አስቀርቶ በመጋዝ በሰያፍ ይጎነድላል። እናቱ ማሳው ራቁቱን ሲቀር አይታ ታኮርፈዋለች። አንድ ቤት እየኖሩ ቃል ሳይለዋወጡ ወራት ያልፋሉ። በመጨረሻ እናትየዋ ብቻዋን ማሳ ትወርድና ከጉቶው የወጣውን ቀንበጥ በጣቷ ትዳስሳለች። በዚያ ያበቃል።

መቅድሙን የጻፈው የቡድናችን ሰብሳቢ ነው፤ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠኝ፣ ብዙ ያነበበ የሥራ ባልደረባዬ። ረቂቁን እንደሰጠኝ ቆሜ አነበብኩት። የጋሼ ታናሽ ወንድም በደርግ ዘመን ተይዞ እንደተገደለ በስም ጠርቶ ይተርካል። የተጎነደለው ቡና የተቀጠፈው ትውልድ፣ ያኮረፈችው እናት አገር፣ መጋዙም የመንግሥት እጅ መሆኑን ያትታል። ስለ ወንድምየው የነገርኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼ ብቻችንን ሳለን ያጫወቱኝን፣ አዋቂ ለመባል ስል ሻይ ቤት ተቀምጬ ዘርግፌዋለሁ።

«ቡና የሚጎነደለው እኮ እንዲታደስ ነው» አልኩት። «ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያፈራል። ልቦለዱ ስለ ሞት አይደለም።»

«ደግሞ የግብርና ባለሙያ ሆንክ?» ብሎ ሳቀ። «ወንድሙ የተገደለበት ሰው ስለ ቅርንጫፍ ብቻ አይጽፍም።»

ከተወለደ ጀምሮ በቡና አገር ኖሮ ቡናን ከሲኒው ባሻገር አላየውም!

ረቂቁን ይዤ በሚኒባስ ቴፒ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ስለ ወንድሜ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። አማርኛ የማይሰሙት አሮጊት እናታቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«መርዶ አልተነገራትም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሬሳ አልመጣ፣ ወረቀት አልመጣ። አብሮት ከታሰረ ልጅ ሰምተን ዋጥነው። አባቴ ዛሬ ነገ ሲል ሞተ፤ እኔም ፈራሁ። መርዶ እኮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እናንተ በመጽሐፉ ምርቃት ቀን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ይህን በማይክሮፎን አንብባችሁ ልትነግሯት ነው? የልጇን ስም ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም!»

ረቂቁን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት።

«ደግሞ ታሪኩ የእሷ ነው። ቡናውን የጎነደልኩት እኔ፣ ያኮረፈችኝ እሷ። አገር አይደለችም፤ እናቴ ናት። ያ አንቀጽ ካልወጣ ልቦለዴን መልሱልኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህንን ሁሉ ለቡድኑ አስረዳሁ።

«ያለ ወንድምየው መቅድሙ ምን ይቀረዋል?» አለ ሰብሳቢው።

«አሮጊቷ እንደሆነ መጽሐፍ አታነብ፤ ምን አስጨነቀህ?» አለ ሌላው። ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ደራሲ ከጻፈ በኋላ ሕይወቱ የአንባቢ ነው» ሲል ሰብሳቢው ደመደመ። እጅ አውጡ ተባለ። አንቀጹ ይውጣ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሕይወቱ የአንባቢ ነው! የሰውን ሕይወት የምናጠናው ቃሉን በትክክል ለመስማት ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን ቃሉን ለመስማት አልፈለጉም፤ የፈለጉት ሬሳውን ነበር። ለዘመኑ ታሪክ ያን ያህል ከተቆረቆሩ፣ ዘመኑ ያላለቀባት ሴት ጓሮ ተቀምጣ ጎመን የምትቀነጥስ መሆኗ ለምን ታሪክ አልሆነላቸውም? ሌላ ቅጂ የሌለውን የደራሲውን ደብተር ከጠረጴዛው አንሥቼ ወጣሁ። መጽሐፉ ያለ ልቦለዱ ታተመ፤ የሚተረጉመው ስላጣ ያ አንቀጽም አብሮ ወጣ። ምርጡን ሥራ ከአንባቢ ነጠቅህ ይሉኛል። ምርጡ መቅረቱ እውነት ነው፤ የነጠቀው ግን የእኔ ምላስና የእነሱ እጅ ነው።

ደብተሩን ልመልስ በሄድኩበት ቀን የጋሼ እናት እጄን ይዘው በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጋሼ ለመተርጎም ዘገዩ።

«አስተማሪ ነህ፣ ወረቀት ሁሉ ታነባለህ፤ የልጄን ስም የትም ተጽፎ አላየህም ወይ ትላለች።»

«የትም ታትሞ አላየሁም፣ እማማ።»

ውሸት አልነበረም። ጋሼ ተረጎሙላቸው። እሳቸውም እጄን ለቀው ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።