ጥሩ አፍንጫ

ስሙን አናውቀውም። በኦባን ወደብ መጠጥ ቤታችን፣ ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ግን የእሱ ነው። ድሮ የዊስኪ ፋብሪካ ቀማሽ ነበር ይባላል። ሁልጊዜ የሚያዘው ብቅሉ እንደ ማገዶ በሚነድ የረግረግ አፈር ጭስ በትንሹ የታጠነውን፣ ርካሹን ዊስኪ ነው። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ያያል፣ አፍንጫውን ይነክራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ፣ «አንተስ ምን ሸተተህ?» ይላል። «ማር» ካሉት፣ «ማር ነዋ! ጀማሪ ግን አይደርስበትም» ብሎ ለቤቱ ሁሉ ያውጃል።

ትናንት ከግላስጎው የመጡ እንግዶች ከበውት፣ «ጭሱ ቀለል ያለ ነው፤ ጥሩ አፍንጫ ከሌላችሁ ያመልጣችኋል» እያለ ሲያስተምራቸው የካፖርቱ ጫፍ እሳት ውስጥ ገባ። የሚቃጠለው ሱፍ ቤቱን አገማው፤ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እሱ ብርጭቆውን ያሸታል።

አሳላፊዋ ኢሽቤል ሮጣ መጥታ አንድ ጆግ ውሃ ካፖርቱ ላይ ደፋችበት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

እንግዶቹን አየት አደረገቻቸው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው።»

«ዓይንሽን ግለጪ እንጂ!» ብሎ ተቆጣና ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ሸተተህ?»

ሳሌን ዋጥ አድርጌ፣ «ማር» አልኩት።