እናቴ የአባቴን ሽልማት ያስመለሰችበት ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ ከሚሉኢም፣ ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ተመልሶ እኔ ቤት ጎራ ሲል፣ ወታደራዊ ሻንጣውን በረንዳው ላይ ጥሎት ገባ። ሻንጣው ዝናብ መትቶት ነበርና የረጠበ ሸራ፣ የመሣሪያ ዘይትና የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮቱ ሲገባ፣ የማጥበውን ሳህን አስቀምጬ ቆምሁ። ያ የአባቴ ሽታ ነበር። አሽዶድ ውስጥ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ አባቴ በየዓመቱ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ሄዶ ሲመለስ ቤቱን የሚሞላው ይኸው ሽታ ነበር። እኔና ኤልያስ ብስኩት እናገኝ እንደሆን ብለን ሻንጣውን ስንበረብር፣ እናቴ «መጀመሪያ አባታችሁ አረፍ ይበል» እያለች ታባርረን ነበር።

አባቴ ደሴ ይባላል። ያኔ በአሽዶድ ወደብ ክሬን ነጂ ነበር። ወደዚህ አገር የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በሱዳን በኩል በእግሩ ተጉዞ፣ ያለ አባትና እናት ሲሆን፣ ሲደርስ የተቀበለው ጸሓፊ «ደሴ» የሚለው ስም ከብዶት «ዳዊድ» ብሎ መዘገበው። በአዳሪ ትምህርት ቤትም፣ በኋላ በውትድርናም ዳዊድ ሆኖ ኖረ። ከእናቴ ከትርንጎ ጋር ሲተጫጩ ግን እሷ «አባትህ ማን ብሎ አወጣልህ?» ብላ ጠየቀችው፤ ሲነግራት «እንግዲያው እኔ የማገባው ደሴን ነው» አለችው፤ እሱም መታወቂያውን አስቀይሮ ወደ ስሙ ተመለሰ።

በግራ ትከሻው ላይ እንደ ተጨማደደ ቅጠል ያለ ጠባሳ ነበረው። ባሕር ዳር ስንሄድ «ይህ ምንድን ነው?» እያልን እንጠይቀው ነበር፣ እሱም «ሊባኖስ» ብሎ ወደ ውኃው ይገባ ነበር። የቀረውን የሰማነው ከእናታችን ነው። አባቴ ሆቬሽ፣ ማለትም የቁስለኞች ሐኪም ረዳት ነበር። መኪናቸው በመንገድ ዳር ፈንጂ በተመታች ጊዜ፣ እሱም ትከሻውን ቆስሎ ሳለ የሌሎቹን ቁስል አስሮ፣ መራመድ ያቃተውን አንዱን ጓደኛውን አዝሎ ገደሉን አውርዶታል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አዛዡ መጥቶ፣ ቀደም ሲል ከተሰጠው የምርጥ ሆቬሽነት ሽልማት በተጨማሪ ወታደሮች ጻላሽ የሚሉት የጀግንነት ምስጋና እንደተፈቀደለት ነገረው። ከዚያ በኋላ አዛዡ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ አባቴም አገልግሎቱን ጨርሶ ወጣ፣ ሽልማቱ ግን እጁ አልገባም። አባቴም አልጠየቀም።

ነገሩ የተነሣው እኔ አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ክረምት፣ ዝናቡ ደረጃችን ድረስ እየገባ ባስቸገረን ሰሞን ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ መለሰ፣ ለነፃነት ቀን ዋዜማ ከማኅበረሰባችን የተሸለሙ ወታደሮችን ማትናስ ውስጥ፣ በሰፈሩ የባህል አዳራሽ፣ ለማክበር አስበው ስም ይሰበስቡ ነበር። አንድ ጎረቤታችን የአባቴን ስም ሰጠ። አያ መለሰም ሽልማቶች ወደሚመዘገቡበት የጦሩ ቢሮ ልከው አስጠየቁ፣ የመጣውም መልስ በዚህ ስም የተሸለመ ወታደር የለም የሚል ሆነ። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ነገርን በልባቸው መያዝ አያውቁም ነበርና፣ ምኩራብ ውስጥ የሰንበት ጸሎት አልቆ ሰው ገና ሳይበተን «ደሴ፣ አስጠይቀን ነበር፣ የለም አሉን። ምናልባት ተሳስተህ ይሆናል» አሉት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለ። አባቴ የጸሎት ልብሱን አጣጥፎ ወጣ፤ በቀጣዩ ሰንበት ደግሞ ሰውነቴን አሞኛል ብሎ ቤት ዋለ። ከዚያ በኋላ በየሰንበቱ አንድ ምክንያት ይፈልግ ነበር።

ወሬው ልጆች ዘንድም ደረሰ። ፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ የሚኖር አንድ ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «አባትሽ ውሸታም ነው አሉ» ሲለኝ በቦርሳዬ ፊቱን መታሁት፣ እናቴም ተጠራች። ስንመለስ በመንገድ ላይ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እጄን አጥብቃ ይዛ ትሄድ ነበር። ማታ አባቴ ከወደብ ሲገባ እራቱን አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ቢሮው ሄደን ማስተካከል አለብን» አለችው።

«ተይው ትርንጎ። የሠራሁትን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማያውቀው ሰፈሩ ነው፣ ሰፈሩም ልጆቼን እየተናገረ ነው።»

አባቴ ወደ እራቱ ዞረ። እሷም ፈቃዱን አልጠበቀችም።

በነፃነት ቀን ዋዜማ ማትናስ አልሄድንም። የድምፅ ማጉያው እቤታችን ድረስ ይሰማ ነበርና፣ ስም እየተጠራ ሰው ሲያጨበጭብ አባቴ ጋዜጣ ይዞ አንድ ገጽ ላይ ፈዞ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። በማግስቱ ስልክ መደወል ጀመረች። እናቴ በመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆና ትሠራ ስለነበር፣ ዕብራይስጡን የተማረችው ከአራት ዓመት ልጆች ነው ማለት ይቻላል፤ ሰዋስዉ ይሰባበር እንጂ አንደበቷ አይፈራም ነበር። ከብዙ መደወል በኋላ አንዲት ሴት፣ በቦታው የነበሩ ምስክሮች ከቀረቡ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ነገረቻት።

አባቴ ግን ጓደኞቹ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። እናቴ አንድ ነገር ትዝ አላት። እነሱ በተጋቡ ሰሞን፣ በየዳስ በዓሉ፣ አባቴ ያዘለው የዚያ ወታደር እናት ከአንድ የደቡብ ሞሻቭ፣ የገበሬዎች መንደር፣ አንድ ሣጥን ሮማን ይልኩላቸው ነበር። ቤት ስንቀይር ያ ቀረ። የመንደሩን ስም ግን እናቴ አልረሳችም።

በበጋው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ ኤልያስን ጎረቤት ትታ እኔን አስከትላ ሄደች። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን መገንጠያው ላይ ወረድንና፣ አየሩ እንደ እሳት እየፈጀን በብርቱካን እርሻ መካከል በእግራችን ሄድን። እናቴ የበዓል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ለመግቢያ ብላ በእጇ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ ትራመድ ነበር። በሩን የከፈቱት ፀጉራቸው የሸበተ፣ አጭር አሮጊት ነበሩ። እናቴን አይተው «ምን ልርዳሽ?» አሉ።

«የዳዊድ ሚስት ነኝ» አለች እናቴ። «የሆቬሹ ዳዊድ።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ያዙ። ከዚያ እናቴን አንገቷን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ፣ እናቴም አለቀሰች፣ እኔም ምክንያቱን በደንብ ሳልረዳ አብሬ አለቀስሁ። ሚርያም ይባሉ ነበር። ልጃቸውን ኡሪን ከእርሻ አስጠሩት፤ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ አፈር የነካው ሱሪ እንደለበሰ መጣ። እናቴ የመጣችበትን ስትነግረው መጀመሪያ አላመናትም።

«የምን አልተሸለመም? በሻምበል ጦሩ ፊት ሲነበብ ሰምቻለሁ። እሱ ገና ሆስፒታል ነበር እንጂ እኔ በምርኩዝ ቆሜ፣ ሌሎቹም ተሰልፈው ነበር።»

«እንግዲያው ይህንኑ ተናገርልኝ» አለችው እናቴ።

ኡሪ መናገር ብቻ አልበቃውም። በዳስ በዓል ሰሞን አንድ ቀን፣ አባቴ የቀን ተረኛ ሆኖ ወደብ ውሎ ሲመጣ፣ ሳሎናችን በሰዎች ተሞልቶ ነበር። ኡሪ አለ፣ የዚያች የተመታች መኪና ሹፌር አለ፣ መላጣና ግዙፍ የሆነው የቀድሞው አዛዥም አለ፤ እናቴ የሠራችውን ዶሮ ወጥ እያላባቸው ይበሉ ነበር። አባቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አዛዡ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ዳዊድ፣ ስንት ጊዜ ፈለግንህ መሰለህ። የት ጠፋህ?»

«ስሜን ቀየርሁ እንጂ አልጠፋሁም» አለ አባቴ።

ከዚያ ተቃቀፉ። ያን ቀን አባቴ ሲስቅ የሰማሁት ሳቅ ከዚያ በፊት የማላውቀው የወጣት ሳቅ ነበር። ኤልያስ በኡሪ ጭን ላይ ተቀምጦ አንዱን ታሪክ ሲጨርስ ሌላ እንዲነግረው ይለምነው ነበር።

የእነሱ ምስክርነት ተጽፎ ተላከ። በክረምቱ መካከል መልስ መጣ፤ ምስክሮቹ የመሰከሩት ለዳዊድ ስለሆነ፣ አመልካቹ ደግሞ ደሴ ስለሆነ፣ ቀርቦ ያስረዳ ይል ነበር። እናቴ ስታነበው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ የአባቴን ነጭ ሸሚዝ አውጥታ ተኮሰች። አባቴ በዚህ ጊዜ አልተከራከራትም።

የዚያን ቀን ነገር እናቴ እንደ ቲያትር የሁሉንም ድምፅ እየቀየረች ደጋግማ ስለነገረችን፣ እኔም የነበርሁ ያህል አየዋለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ሴት መኮንን ከሁለት ወንዶች ጋር ተቀምጣለች። አባቴን በትሕትና ጠየቀችው፤ «ይህን ያህል ዓመት ለምን አልጠየቅህም?»

«እናንተ የምታውቁት መስሎኝ ነበር» አለ አባቴ።

መኮንኗ ቀና ብላ አየችው። ከጎኗ ያለው ሰው፣ ዳዊድ የተባለው ወታደር እሱ ራሱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ እንዳለ ሲጠይቅ፣ የቀድሞው አዛዥ ከምስክሮቹ ወንበር ተነሣ።

«ሁላችንን አስሮ ከጨረሰ በኋላ የእሱን ቁስል ያሰርሁት እኔ ነኝ። ግራ ትከሻው ላይ፣ ከአጥንቱ ዝቅ ብሎ ነው። ስሙን እናንተ እንደፈለጋችሁ ጻፉት፤ እኔ ትከሻውን አውቀዋለሁ።»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ራሷን ነቀነቀችለት። እሱም የተተኮሰውን ሸሚዝ ቁልፎች ፈትቶ ትከሻውን አሳየ። ከዚያ ወዲያ ማንም የጠየቀው የለም። በኋላ እንደተነገረን፣ አባቴ ስሙን ሲያስተካክል አዲስ ፋይል ተከፍቶለት፣ የድሮው ሳይዛወር በዳዊድ ስም ለብቻው ቀርቶ ኖሯል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሽልማቱ ተገኘ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አያ መለሰ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር ሰጠቻቸው፣ አልተቀመጡም።

«ልጄ ደሴ፣ የበደልሁህ በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው። በዓሉ ላይ እኔ ራሴ ልጥራህ፣ ፍቀድልኝ።»

«አያ መለሰ፣ አንቱ ይቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ፣ ክንዳቸውን ይዞ እያስቀመጣቸው። «ይጥሩኝ። ደስ ይለኛል።»

በነፃነት ቀን ዋዜማ ማትናስ ጠባብ ሆነ። የወደብ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው፣ ከእናቴ ጋር የሚሠሩት ሴቶች፣ ከሞሻቭ ሚርያምና ኡሪ፣ የአባቴ ጓዶች ከነልጆቻቸው መጥተው፣ ወንበር ያጣው በግድግዳው ዙሪያ ቆሞ ነበር። አያ መለሰ በትራቸውን ተደግፈው መድረክ ላይ ወጡና፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ሰው ቃል ላይ ጥርጣሬ የጣልሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደሴ አድጎ» ብለው ጠሩ። መኮንኗ የቀረው ምስጋና ምን እንደሚል አነበበች፣ ሁለቱንም ሽልማቶች በደረቱ ላይ ስታደርግለት ሴቶቹ በእልልታ አዳራሹን አናወጡት። ሚርያም እልልታውን ለመከተል ሞክረው ሳል ያዛቸው።

አባቴ ተናገር ሲባል እናቴን በዓይኑ ፈለጋት። ከዚያ በአማርኛም በዕብራይስጥም «ይህን ያመጣችው ትርንጎ ናት፤ እዚህ ትምጣ» አለ። እናቴ የእጅ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ በነጭ ቀሚሷ፣ ሳትቸኩል ወጣችና ከጎኑ ቆመች፤ ሰው ሁሉ ለእሷ ከመቀመጫው ተነሣ። እኔ እጄ እስኪያቃጥለኝ አጨበጨብሁ። በቀጣዩ ሰንበት አባቴ ከሁላችን በፊት ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ጸሎቱ ተጀመረ» እያለ።

ዛሬ ወላጆቼ ሮቫ ዩድ ዛይን በሚባለው የአሽዶድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ሕንፃው አዲስ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ከበረንዳው ወደ ምዕራብ የተሰለፉ መርከቦች ይታያሉ። ያኔ ቤታችን ጠባብና ጫጫታ የሞላበት ሆኖ፣ ስለ ሊባኖስ ግን አንድ ቃል አይነገርበትም ነበር። ዛሬ ቤቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ዓርብ ማታ ግን የእኔና የኤልያስ ልጆች አያታቸውን ከበው የሊባኖሷን መንገድ ታሪክ እንዲነግራቸው ይጠይቁታል፣ እሱም ብዙ ሳይለመን ይጀምራል፤ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ አዛዡ፣ ስለ ኡሪ ክብደት እያነሣ ያስቃቸዋል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ታዳምጣለች። ሊባኖስን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ የምስክሮቹን ቃል ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለችና፣ አባቴ ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ አትለቀውም።

«ኡሪን በቀኝ ትከሻዬ ነው ያዘልሁት» ይላል አባቴ።

«በቆሰለው ነው» ትላለች እናቴ ከወጥ ቤት። «በትክክል ንገራቸው።»

እሱም ፈገግ ብሎ ለልጆቹ ከመጀመሪያው ይነግራቸዋል።