በበሬ ፊት የተሻረ ሂስ

ሬዲዮ ጣቢያችን በተቀጠርኩበት ዕለት አለቃዬ አቶ ታደሰ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና፣ «ሥራህ መስማት ነው፤ መናገሩ ኋላ ይደርሳል» አሉኝ። እኔ ግን ቶሎ የለመድኩት መናገሩን ነው። ዓመት ሳይሞላኝ ከጋይንት እስከ እስቴ ያለ የሠርግ ዘፋኝ ቅዳሜ ጠዋት በሙዚቃ ሂስ ፕሮግራሜ ስሜን ሲሰማ ሬዲዮውን ይዘጋል ተባለ። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የሙዚቃ ሐያሲ ዕቃው ጥቂት ነው። መቅጃ፣ ደብተር፣ እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ የጫንኳት ምት መቁጠሪያ ነበረችኝ። ዘፋኝ ሲፈጥንና ሲዘገይ በቁጥር ትነግረኛለች። ከሰው ይልቅ እሷን አምን ነበር።

አንድ ቀን ከወገዳ አካባቢ የአንድ ባህል ቡድን ቅጂ ደረሰኝ። የአውድማ ዘፈን ነው፤ ዘፈኑን እየመሩ የሚያወጡት አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። መቁጠሪያዬን ከፍቼ አዳመጥኩና በቅዳሜው ፕሮግራም አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፦ «ድምፁ ሸጋ ነው፤ ዘፈኑ ግን ይጎተታል። አድማጭ ያስተኛል።»

የቡድኑ መሪ ይህን ሰምቶ አያ ደምሌን ከዘፋኞቹ አስወጣቸው። ቡድኑ ደብረ ታቦር መድረክ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሳቸው መድረክ ወጥተው አያውቁም። ጎረቤቶቻቸው አዋጥተው ለዚያ ቀን የሚለብሱትን አዲስ ኩታ ገዝተውላቸው ነበር።

በገበያ ቀን አያ ደምሌ አርብ ገበያ ከተማ ያለችው ቢሯችን ድረስ መጡ። አህያቸውን ደጅ አስረው ገቡና ቁጭ አሉ።

«ዘገየ ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አያ» አልኩና ስልኬን አውጥቼ ስለ ምት አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ደግ። ሰኞ ገብስ አበራያለሁ። ናና አንተ በምትወደው ፍጥነት ዝፈንልኝ። በሬዎቹ ከሠሩልህ ለመድረክ የተገዛልኝን ኩታ ውሰድ። እምቢ ካሉህ ግን ይህንኑ በሬዲዮህ ትናገራለህ።»

ሰኞ ሄድኩ። ስድስት በሬ ጎን ለጎን ተጣምዶ አውድማው ላይ ይዞራል፤ በወንፈል ሊያግዙ የመጡት ጎረቤቶች መንሻቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። መቁጠሪያዬን በምወደው ፍጥነት ሞልቼ ዘፈኑን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዙር ደህና ሄደ። በሁለተኛው ዙር ግን ዳር ያለው በሬ ሮጠ፣ መሐል ያለው ቆመ፣ ገለባው ከአውድማው ውጭ ተበተነ። አንዱማ ማሰሪያውን በጥሶ ክምሩን ይበላ ጀመር። መዝፈኔን ተውኩ።

«ያልተያዘ ግልግል ያውቃል» አለ አንዱ መንሹን እንደተደገፈ። ሌላው ቀጠለና፣ «ጌታው፣ ገብሱን ለወፍ ልትዘራው ነው?» አለኝ። ሳቁ እስኪያልቅ ብዙ ቆየ። እኔም አላስቻለኝም፤ አብሬ ሳቅሁ።

አያ ደምሌ በሬዎቹን አቃንተው ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ዘፈኑን አነሱት፦

ቀስ ብለህ ርገጠው ገብሱን ከነዛላው፣
የሮጠ ሳይሆን የረገጠ በላው።

በሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እርምጃቸው ሰከነ። ሰረቅ አድርጌ መቁጠሪያዬን አየሁ። ያው የነቀፍኩት ፍጥነት ነው፤ ሰኮናው ሁሉ ልክ ምቱ ላይ ያርፋል። ግጥሙ ራሱ ነግሮኝ ነበር። እኔ ቁጥር ስቆጥር ቃሉን አልሰማሁትም። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። ከነኮቴው ድምፅ ቀዳሁት።

ስህተቴን በሬዲዮ ላምን መሆኔን ስነግራቸው አለቃዬ አልወደዱትም። «ሐያሲ ይቅርታ ከጠየቀ ነገ ማን ይፈራዋል?» አሉ።

«እኔን መፍራቱ ይቅርባቸው» አልኳቸው። በቅዳሜው ፕሮግራም የበሬዎቹን ታሪክ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ቅጂውንም አሰማሁ። እሑድ የቡድኑ መሪ አያ ደምሌ ቤት ድረስ ሄዶ መለሳቸው።

ደብረ ታቦር ላይ አለቃዬና እኔ ፊት ተቀመጥን። ከበሮ መቺው ጓጉቶ ነው መሰለኝ አፍጥኖ ገባ። አያ ደምሌ ኩታቸውን ለብሰው ዝም ብለው ቆሙ። ከበሮው አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄደ። መድረክ መሪው በእጁ ጀምሩ ይላቸዋል። በእኔ ጦስ ሰውዬው ሊዋረዱ ነው ብዬ ፈራሁ።

እሳቸው ግን ወደ ከበሮ መቺው ዞረው ወለሉን በእግራቸው መቱለት። ቀስ ብለው ደገሙት። ከበሮው ወረደላቸውና ዘፈኑን አነሱ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ መሬቱን መርገጥ ጀመሩ፤ ረድፉ ተከተላቸው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በበሬ እርምጃ ረገጠ። እኔም ረገጥኩ።

«ይጎተታል ያልከው ይኼን ነው?» አሉኝ አለቃዬ፤ እግራቸው አላረፈም።

«ይኼንኑ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ዘፈን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሄጄ ሥራውን አያለሁ። ሂሱን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።